የኢንተርኔትና የድረ ገጽ ግንባታ መግቢያ ኮርስ በድሬዳዋ

የኢንተርኔት አጠቃቀምና የድረ ገጽ ግንባታ መግቢያ ኮርስ ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎችን ያጣምራል። አንዱ ሌሎች የሠሩትን መፈለግ፣ መመዘንና መጠቀም ነው፤ ሁለተኛው ሌሎች የሚከፍቱትን ገጽ በራስ እጅ ጽፎ ማቆም። በድሬዳዋ ትምህርቱ በተለያየ ስምና ጥልቀት ይሰጣል፦ በ1999 ዓ.ም. በተከፈተው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ነክ የትምህርት ክፍሎች፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ እንዲሁም «ቤዚክ ኮምፒዩተር» የሚል ታፔላ በሰቀሉ የግል ማሠልጠኛዎች። በዩኒቨርሲቲ ከፕሮግራሚንግና ከዳታቤዝ ጋር ይያያዛል፤ በኮሌጅ ደግሞ ተማሪው ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ምዘና ሠርቶ እንዲያሳይ ይጠየቃል።

መጀመሪያ የሚለዩት ኢንተርኔትና ድር ናቸው። ስልክ ይዞ ያደገ ተማሪ ቴሌግራምንና ቲክቶክን አሳምሮ ያውቃል፤ አድራሻ ጽፎ ገጽ የከፈተበት ጊዜ ግን ጥቂት ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒዩተሮች በጋራ ደንብ የሚነጋገሩበት የመረቦች መረብ ነው። ድር በዚያ ላይ ከሚሠሩት አገልግሎቶች አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ሐሳቡን እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1989 አቀረበ፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ1991 ነው። ኢሜይል ከድር በብዙ ዓመት ይቀድማል። በኢትዮጵያም የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ኢሜይል በስልክ መስመር ይመላለስ ነበር።

መረጃ የሚጓዘው ተቆራርጦ ነው። አንድ ነጋዴ ዕቃውን በተለያዩ አይሱዙዎች ጭኖ በየካርቶኑ ላይ ቁጥር ቢጽፍ፣ መኪኖቹ በየራሳቸው መንገድና ሰዓት ቢደርሱም ተቀባዩ በቁጥሩ ይደረድራል፤ የጎደለውንም እንዲላክለት ይጠይቃል። የፎቶም ሆነ የድምፅ አላላክ እንዲሁ ነው። የአገሪቱ መረጃ ወደ ውጭ ከሚወጣባቸው አቅጣጫዎች አንዱ ጅቡቲ ነው፤ የባሕር ሥር ኬብሎች እዚያ ከየብስ ይገናኛሉ። ባሕር የሌላት አገር ኬብሉ ዘንድ ለመድረስ የጎረቤትን ምድር መሻገር ግድ ይላታል። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ባቡርም ከዚያው ወደብ የተነሣ ነበር።

ቀጥሎ አድራሻን ማንበብ ይመጣል። የድረ ገጽ ስም ባለቤትነቱ የሚታወቀው ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ፊት በማንበብ ነው። ነጥብ ኢቲ ለኢትዮጵያ የተመደበው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከፊቱ ጎቭ ካለ የመንግሥት፣ ኢዲዩ ካለ የትምህርት ተቋም ይሆናል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ «ዲዲዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ የተቋሙን ስም የያዘ፣ መጨረሻው ግን ሌላ የሆነ የሐሰት መመዝገቢያ ገጽ ሲላክለት ይነቃል። ከመላው የአጠቃቀም ክፍል ይህች ትንሽ ልምምድ ትበልጣለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። የይለፍ ቃል አያያዝ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መነሣት ያለባቸውም እዚሁ ላይ ነው።

ግንባታው በኤችቲኤምኤል ይጀምራል። ኤችቲኤምኤል የፕሮግራም ቋንቋ አይደለም፤ የቱ ርእስ፣ የቱ አንቀጽ፣ የቱ ሊንክ እንደሆነ ለብሮውዘሩ የሚያመለክት የምልክቶች ስብስብ ነው። ምልክቶቹ ታግ ይባላሉ፤ አብዛኞቹ የሚከፍትና የሚዘጋ ጥንድ አላቸው። ለመጻፍ ኖትፓድ ይበቃል። ከኮርሱ ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው። ተማሪ የሚቸገረው መዝጊያውን ሲረሳ ነው፤ ብሮውዘር ስሕተትን ዝም ብሎ ስለሚያልፍ ገጹ የሚበላሸው ከተሳተው መስመር ራቅ ብሎ ነውና።

የሚከብደው የመጀመሪያው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሲገባ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ለግዕዝ ፊደላት የራሳቸውን ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው፤ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች ለፊደሉ የኮምፒዩተር አጠቃቀም ብዙ ደክመዋል። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የግዕዝን ቅርጽ በሚለጥፉ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ጽሑፉ ትርጉም አልባ የላቲን ክምር ሆኖ ይወጣል። ዛሬም አሮጌ ሰነድ ኮፒ ተደርጎ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ይኸው ይደርሳል፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ፋይሉን የዩኒኮድ አጻጻፍ በሆነው በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥና ይህንኑ በገጹ አናት ላይ ማስታወቅ ያስፈልጋል። በዩቲኤፍ 8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። አማርኛ ግን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ፊደል ስለሚጽፍ ልዩነቱ እንደሚመስለው አይሰፋም፤ ከአንድ ፎቶ ክብደት ጋር ሲተያይማ ከቁጥር አይገባም።

ፍለጋ ሌላው ራስ ምታት ነው። «ጸሐይ»፣ «ፀሐይ» እና «ፀሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሦስት ናቸው፤ አንዱን የጻፈ ሌሎቹን አያገኝም። በጥንቃቄ የተሠራ ገጽ ከመፈለጉ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ነገሩ በአማርኛ አያበቃም። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በላቲን ይጻፋሉ፤ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ አቅጣጫው ለብሮውዘሩ ሊነገረው ይገባል።

ሲኤስኤስ ለገጹ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና አቀማመጡን ይሰጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ብቻ ከያዙ ይበቃል፦ ገጹን አስቀድሞ ለጠባብ የስልክ ስክሪን ማበጀት፣ ለሰፊው ስክሪን ከዚያ በኋላ ማሰብ።

ጃቫስክሪፕት ገጹ ለተጠቃሚው እንዲመልስ ያደርጋል። ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 በ10 ቀን ገደማ የጻፈው ቋንቋ ነው፤ አንዳንድ እንግዳ ጠባዮቹ ከዚያ ጥድፊያ የቀሩ ናቸው። በመግቢያ ኮርስ ዋና ሥራው ተጠቃሚው የሞላውን ቅጽ፣ ለምሳሌ የስልክ ቁጥሩን፣ መፈተሽ ነው። የቴሌኮም ኩባንያው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ለደንበኞች መጀመሪያ የከፈተው በድሬዳዋ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን ቁጥሮቹ በ07 ይጀምራሉ። በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ እንዲቀበል የተጻፈ ቅጽ እነዚህን ደንበኞች ያለ ጥፋታቸው ይመልሳቸዋል። ከውጭ የተቀዳ ቅጽም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እዚህ የሚሞላው ግን የአባትና የአያት ስም ነው። የቀን መምረጫው ጳጉሜን አያውቅም። ጃቫስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል፤ ተማሪው ካልጠየቀው ግን አያደርገውም። ለልምምድ የባቡር መነሻ ሰዓት ሠንጠረዥ የሠራ ተማሪ «2 ሰዓት» ብሎ ቢተው፣ ከጅቡቲ የመጣው መንገደኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል።

የመጨረሻው ክፍል ከገጹ ጀርባ ያለው ነው። ፒኤችፒ የተባለው ቋንቋ ገጹን በሚያድለው ኮምፒዩተር፣ በሰርቨር፣ ላይ ይሠራል፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ የገባውን ያስቀምጣል። ዛምፕ የተባለው ነጻ ጥቅል ፒኤችፒንና የማይኤስኪውኤል ተተኪ የሆነውን ማሪያዲቢን በተማሪው ኮምፒዩተር ላይ ስለሚያስነሣ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን እንኳ የላብራቶሪ ልምምዱ አይስተጓጎልም፤ መብራት ከሄደ ግን ሌላ ነገር ነው። አፋን ኦሮሞ በቃል መካከል ሁድሃ የሚባል ነጠላ ጭረት አለው። በዳታቤዝ ትእዛዝ ውስጥ ያው ጭረት የጽሑፍ መጨረሻ ምልክት ነው፤ ስለዚህ የተጠቃሚውን ጽሑፍ በቀጥታ ከትእዛዙ ጋር የሚቀጥል ፕሮግራም ሁድሃ ያለበት ቃል ሲገባለት ይሰበራል። ሰርጎ ገቦች ዳታቤዝ ከሚሰርቁባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ቀዳዳ ነው። ትእዛዙንና የተጠቃሚውን ጽሑፍ ለየብቻ መላክ ሁለቱንም ችግር ይፈታል።

ገጹን ለዓለም መክፈት ስምና ሆስቲንግ፣ ማለትም ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር፣ ይጠይቃል። የውጭ አገር ሆስቲንግ በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል ለተማሪ ያስቸግራል፤ ፒኤችፒ የሌለበትን ቀላል ገጽ ግን እንደ ጊትሃብ ፔጅስ ባሉ ነጻ አገልግሎቶች ላይ መስቀል ይቻላል። ከዚህ አልፎ መማር ለሚፈልግ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በኦንላይን ክፍት ነው፤ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መነሻ ትምህርቶች አሉት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የቀረበ በመሆኑ ቃላቱን በመግቢያው ኮርስ ቀድሞ የለመዳቸው ተማሪ ይቀልለዋል።