ስለ ጕድጓድ ውሃና ስለ ሕፃናት ጤና

የጕድጓድ ውሃ ጠርቶ ስለ ታየ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይገባም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአዮዋ ግዛት፥ ኮምሊ የተባለ ሐኪም በጕድጓድ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የጠጡ ሕፃናት ገላቸው ወደ ሰማያዊነት እንደ ተለወጠ ገለጸ። ምክንያቱ ናይትሬት የሚባለው ቅመም ነበረ፤ ይኸውም በሕፃን ሆድ ውስጥ ተለውጦ ደሙ ኦክስጅንን እንዳይሸከም ይከለክለዋል።

ናይትሬት ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ከመጸዳጃ ቤት ጕድጓድ ወደ አፈር የሚሰርገው ፍሳሽ ነው፤ መጠኑንም መገመት ይቻላል። 5 ሰዎች ያሉበት ቤተ ሰብ እያንዳንዱ በቀን 200 ሊትር ቢያፈስ 1000 ሊትር ይሆናል። ከአንዱ ሰው 10 ግራም ናይትሮጅን ቢወጣ በጠቅላላው 50 ግራም ነው፤ ይህም ሁሉ ናይትሬት ቢሆን በአንድ ሊትር 220 ሚሊግራም ያህል ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ ግን 50 ነው። እንግዲህ ከ3 እጅ በላይ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ካልተጨመረበት ከልኩ አይወርድም፤ ቤቶች በተቀራረቡበት ስፍራ ደግሞ ዝናቡ ላይበቃ ይችላል።

ማፍላትም ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም፤ ውሃው በተነነ መጠን ያበረታዋል። ስለዚህ የተከበራችሁ የቤት ባለቤቶች ሆይ፥ የውሃውን ጕድጓድ ከመጸዳጃው አርቃችሁ ከፍ ባለው ወገን እንድታስቈፍሩ፥ ውሃውንም ሳታስመረምሩ ለሕፃን እንዳትሰጡ አደራ እንላለን።