የጠቅላላ ትምህርት ሰርተፊኬት በቨርጂኒያ፤ እንዴት ይገኛል? ስንት ያስወጣል?

ቨርጂኒያ ይኖራሉ እንበል። ሥራና ልጆች ይዘው ኮሌጅ መጀመር አስበዋል። ታዲያ ስለ አንድ ሰርተፊኬት ልንገርዎት። ስሙ ረዘም ይላል፤ ዩኒፎርም ሰርተፊኬት ኦፍ ጀነራል ስተዲስ ይባላል።

ነርስም ሆነ አካውንታንት ለመሆን የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚወስዳቸው የጋራ ትምህርቶች አሉ፤ እንግሊዝኛ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክና የመሳሰሉት። እነዚህን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም ሁለት ዓመት በሚያስተምር የመንግሥት ኮሌጅ፣ ሲጨርሱ ይህ ሰርተፊኬት ይሰጥዎታል። ጠቅላላው 30 ክሬዲት ገደማ ነው።

ክሬዲት የትምህርት መለኪያ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ትምህርት በሳምንት 3 ሰዓት ያህል ክፍል ያስገባል። ቤት ደግሞ 6 ሰዓት ያህል ያስጠናል። ሥራ የሌለው ተማሪ ሰርተፊኬቱን በሁለት ሴሚስተር ይጨርሳል። ሠርቶ አዳሪ ግን ሁለት ሁለት ትምህርት እየወሰደ አምስት ሴሚስተር ያህል ይፈጅበታል። ለሥራ ሰው የምመክረው ይህንኛውን ነው፤ አራት ትምህርት ይዞ አንዱን ከመውደቅ ይሻላል።

«ወረቀቱ ሥራ ያስገኝልኛል?» ብቻውን፣ ብዙም አያስገኝም። ጥቅሙ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ወዲህ እነዚህ ትምህርቶች በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲቆጠሩ ተደርጎ ተዘጋጅተዋል። ውጤትዎ ግን ከሲ ማነስ የለበትም። ኢንጂነሪንግን የመሰሉ ዘርፎች ደግሞ የራሳቸውን ሒሳብና ሳይንስ ስለሚጠይቁ አስቀድመው ያጣሩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋጋው እንደ ኮሌጁና እንደ ዓመቱ ይለያያል። ለነዋሪ ክሬዲቱን በ200 ዶላር ብናሰላው 30 ክሬዲት 6,000 ዶላር ይመጣል። የግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሆነው በጆርጅ ሜሰን ግን የነዋሪ የአንድ ዓመት ክፍያ ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። በነዋሪ ዋጋ ለመክፈል በአብዛኛው አንድ ዓመት ቨርጂኒያ መኖርዎን ማስረዳት ያስፈልጋል። መንጃ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ውልና የግብር ወረቀት አይጣሉ። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ከእጥፍ በላይ ይከፍላል።

ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት እርዳታ ማመልከቻ ይሙሉ፤ መሙላቱ በነጻ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ያለ ተማሪዎች የማይመለስ እርዳታ፣ ፔል ግራንት የሚባለውን፣ ያገኛሉ። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ዜጋ መሆን ግድ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰውም ማመልከት ይችላል። እርዳታው ለሰርተፊኬቱ ብቻ ለተመዘገበ ሰው ይሰጥ እንደሆነ፣ ወይስ በዚያው ኮሌጅ ለሚሰጠው ባለ 60 ክሬዲት አሶሼት ዲግሪ መመዝገብ ይሻል እንደሆነ፣ ከመመዝገብዎ በፊት የእርዳታ ቢሮውን ይጠይቁ።

አገር ቤት ኮሌጅ ተምረው ከነበረ ትራንስክሪፕትዎን መጀመሪያ ያስገምግሙ። ለተማሩት ደግመው እንዳይከፍሉ ነው።

ክፍል በገቡበት የመጀመሪያ ሳምንት ሲላበስ የሚባል ወረቀት ይሰጥዎታል። የቤት ሥራውና የፈተናው ቀን ሁሉ የተጻፈበት ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ከሥራ ፈረቃ ሰሌዳዎ ጋር ያስተያዩት። ፈተና ከፈረቃ ጋር ከተጋጨ አለቃዎን ያን ሳምንት ያነጋግሩ እንጂ የፈተናው ዋዜማ ድረስ አይጠብቁ። የትምህርት ማቋረጫው የመጨረሻ ቀንም አያምልጥዎ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ካቋረጡ በአብዛኛው ኤፍ ትራንስክሪፕትዎ ላይ ይቀራል።

አንድ ትምህርት ይቆጠር አይቆጠር ሲጠራጠሩ ጓደኛ አይጠይቁ። ወደ ኮሌጁ አማካሪ ይሂዱ፤ ለዚህ አገልግሎት ተማሪ አይከፍልም።