በብልቃጥ የታሸገው የደም ሥር መያዣ፦ አይካም-1

የሕይወት ሳይንስ ወይም የሕክምና ትምህርት የሚከታተሉ ወንድሞችና እኅቶች በላቦራቶሪያቸው ማቀዝቀዣ ውስጥ «ሪኮምቢናንት ሂዩማን አይካም-1» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ትንሽ ብልቃጥ ሳያጋጥማቸው አይቀርም። ብልቃጡ ሲታይ ባዶ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ስለማይበልጥ በዓይን አይለይም። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ያ የማይታይ ዱቄት ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ፥ በተለይም ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን ሊነግረን እንደማይችል በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩ ከወባ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችም ቢያነቡት አይጠሉትም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደም ሥሮቻችን ውስጠኛ ገጽ በአንድ ረድፍ በተነጠፉ ስስ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው፤ ኢንዶቴልየም ይባላሉ። እነዚህ ሕዋሳት ቧንቧ እንደተቀባ ቀለም ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም። ጣታችንን እሾህ ሲወጋን፥ ነጩ የደም ሕዋስ በሚወርደው ደም ተወስዶ የተጎዳውን ሥፍራ እንዳያልፈው የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ሴሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ለቀቅ ያዝ እያደረጉ በግድግዳው ላይ ያንከባልሉታል፤ ቀጥሎ አይካም-1 አጥብቆ ያቆመዋል፤ ከዚያ በኋላ በሕዋሳቱ መካከል ሾልኮ ወደ ቁስሉ ይወጣል። በደኅና ጊዜ አይካም-1 በግድግዳው ላይ ጥቂት ነው። ሰውነት ሲቆጣ ግን ቲ ኤን ኤፍና ኢንተርሉኪን-1 የሚባሉት መልእክተኞች በደረሱ በሰዓታት ውስጥ በብዛት ይወጣል። በነጩ ሕዋስ በኩል ይህን የሚጨብጠው እጅ ኤል ኤፍ ኤ-1 ይባላል። ይህንና መሰሎቹን እጆች በተፈጥሮ አጥተው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ነጭ ሕዋሳት በደማቸው ሞልቶ ተርፎ ሳለ ቁስላቸው መግል አይቋጥርም፥ ኢንፌክሽንም ይደጋገምባቸዋል።

አይካም-1ን በ1986 ለይተው ያወጡት በቦስተን ቲሞቲ ስፕሪንገርና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1988 ጂኑ ተነበበ። በ1989 ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ተከታትሎ መጣ፦ ጉንፋን ከሚያመጡት ራይኖቫይረሶች አብዛኞቹ ወደ ሕዋስ የሚገቡት ይህንኑ ፕሮቲን ይዘው መሆኑ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት በወባ ተውሳክ የተያዘ ቀይ የደም ሕዋስም የሚጣበቀው በእርሱ ላይ መሆኑ ታተመ።

ይህን የመጨረሻውን ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው። ፋልሲፓረም የተባለው ተውሳክ በቀዩ ሕዋስ ውስጥ ከጎለመሰ በኋላ በጣፊያ በኩል ማለፍ ለሞት ያደርሰዋል፤ ጣፊያ የተበላሸ ሕዋስ እያጣራች ታስቀራለችና። ስለዚህ የራሱን ፕሮቲን በቀዩ ሕዋስ ቆዳ ላይ አውጥቶ የደም ሥሩን ግድግዳ ይዞ ይቀራል። ለዚህ ፕሮቲን ወደ 60 የሚጠጉ ጂኖች ስላሉት እያፈራረቀ ይጠቀምባቸዋል፤ ከእነዚህ ገሚሶቹ አይካም-1ን ይይዛሉ፥ ሌሎቹ ሌላ መያዣ ይፈልጋሉ። በአገራችን በጤና ጣቢያ የጣት ደም በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው፥ በፋልሲፓረም ሕመምተኛ ደም ላይ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ለጋውን፥ የቀለበት ቅርጽ ያለውን ተውሳክ ብቻ ነው። የጎለመሰው በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ስለቀረ ከጣት ደም አይገኝም፤ በስላይድ ላይ የተቆጠረው ትንሽ ሆኖ ሕመሙ የሚብሰውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በአንጎል ጥቃቅን ሥሮች ውስጥ ሲታጎር ደም መተላለፊያ ያጣል፥ ሕመምተኛውም ራሱን ይስታል። በ1958 በአገራችን ደጋማ ወረዳዎች ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ ወደ 150,000 የሚገመት ሕይወት የቀጠፈው ወረርሽኝ በዋነኛነት የዚሁ ተውሳክ ሥራ ነበር።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ። ሪኮምቢናንት ማለት ከአንድ ፍጡር የተወሰደን ጂን ከሌላ ዲ ኤን ኤ ጋር ቀጥሎ በሌላ ሕዋስ ውስጥ በማሠራት የተገኘ ማለት ነው። ተፈጥሯዊው አይካም-1 በክር እንደተሰኩ ዶቃዎች የተደረደሩ 5 ክፍሎች ከሕዋሱ ውጭ አሉት፤ ሥሩ በሕዋሱ ቆዳ ውስጥ ተተክሎ አጭር ጭራው ወደ ውስጥ ይገባል። አምራቾች ሥሩንና ጭራውን የሚሠራውን የጂን ክፍል ቆርጠው ይጥላሉ፤ ያለዚያ ፕሮቲኑ በውኃ ውስጥ አይሟሟም። የቀረውን ከቻይና ሐምስተር እንቁልጢ በተገኙ ወይም ከሰው ኩላሊት በተገኙ ሕዋሳት ውስጥ ያስገቡታል፤ ሕዋሳቱ ፕሮቲኑን እየሠሩ ወደሚኖሩበት ፈሳሽ ይተፉታል። ባክቴሪያ በረከሰ ነበር፤ ነገር ግን ባክቴሪያ እንደ ሰው ሕዋስ ስኳር አይለጥፍም፥ አይካም-1 ደግሞ ስኳር የበዛበት ፕሮቲን ነው፤ የፕሮቲን ሰንሰለቱ ብቻውን ወደ 55 ሺህ ዳልተን ሲሆን ከነስኳሩ ከ80 እስከ 114 ሺህ ይደርሳል። አንዳንዶቹ አምራቾች የአንቲቦዲ ጭራ ይቀጥሉበታል፤ ይህም ሁለት ሁለቱን ያጣምራቸዋል፥ ለማጣራትም ይመቻል።

በሥራ ላይ ያለውን ችግር ከራሴ ልናገር። ፕሮቲኑን በፕላስቲክ ሳሕን ላይ አሳድሬ፥ ባዶውን ቦታ በአልቡሚን ሸፍኜ፥ ነጭ ሕዋሳት ባፈስስበት አንድም አልጣበቅ አለ። ብልቃጡ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ እንዲገዛልኝ ጠየቅሁ። ሦስት ሳምንት ከባከነ በኋላ አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባ «ለመሆኑ ማጠቢያህ ማግኒዝየም አለበት?» ብላ ጠየቀችኝ። አልነበረበትም። ኤል ኤፍ ኤ-1 ያለ ማግኒዝየም እጁን አይዘረጋም! ጥፋቱ የእኔ እንጂ የብልቃጡ አልነበረም። ብልቃጥ የሚበላሽበትም መንገድ አለ፤ እየቀለጠ ደጋግሞ ከበረደ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ በተሟሟ ጊዜ በየጥቂቱ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ነው። የአንቲቦዲ ጭራ ያለበትን የሚጠቀም ደግሞ ጭራውን ብቻ በሌላ ሳሕን ላይ ያስቀምጥ፤ ብዙ ነጭ ሕዋሳት ጭራውን ራሱን ይይዛሉና በአይካም-1 የተጣበቁ መስለው ያታልላሉ።

ከዚህ የሚከብደው የውጤቱ ትርጉም ነው። ፕላስቲክ ላይ ያለው አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው፤ የደም ሥር ግድግዳ ግን ብዙ መያዣዎች አሉት፥ ደሙም አይቆምም። በቆመ ፈሳሽ ውስጥ አይካም-1ን የሚይዙ የወባ ሕዋሳት፥ ፈሳሹ እንደ ደም ሲወርድ ብዙዎቹ በላዩ ይንከባለላሉ እንጂ አይቆሙም፤ ሲ ዲ 36 በሚባለው ሌላ መያዣ ላይ ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። «ተጣበቀ» ብለን ስንጽፍ በምን ዓይነት ፈሳሽ እንደሆነ አብረን ካልጻፍን አንባቢን እናሳስታለን።

ሌላም አለ። በ1997 በኬንያ ኪሊፊ የተሠራ ጥናት፥ በአይካም-1 የመጀመሪያ ዶቃ ላይ በ29ኛው ቦታ በላይሲን ፈንታ ሜታየኒን ያለበት ዓይነት በአፍሪካውያን ዘንድ በብዛት እንደሚገኝ አሳየ። በዚያ ጥናት ከአንጎል ወባ ጋር ተያይዞ ነበር፤ በኋላ በሌሎች የአፍሪካ ሥፍራዎች የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ግን ይህን አላጸኑትም። የተውሳኩ ልዩ ልዩ ዘሮች ይህን ዓይነትና የተለመደውን በእኩል አለመያዛቸው ግን በላቦራቶሪ ታይቷል። በብልቃጥ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የተለመደው፥ ላይሲን ያለበት ነው። ከአፍሪካዊ ሕመምተኛ የተወሰደ ተውሳክ ይዞ የሚሠራ ሰው ከብልቃጡ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ይመልከት፤ ቆጠራው ፕሮቲኑ ሲወጣ የሚቆረጡትን የመጀመሪያዎቹን 27 አሚኖ አሲዶች ጨምሮ ከሆነ፥ ያው ቦታ 56ኛ ተብሎ ይገኛል።