አንድ ወንጀል ስንት ተብሎ ይቆጠራል?

የፊዚክስ መምህር ስለ ወንጀል ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሕግ መምህር የሆነ ወዳጄ አንድ ሠንጠረዥ ይዞ ቢሮዬ እስከ መጣበት ቀን ድረስ እኔም የማስበው እንደዚሁ ነበር። ሠንጠረዡን ያዘጋጁት ተማሪዎቹ ሲሆኑ፣ ሥራው በኢንተርኔት አማካይነት ከባሕር ማዶ የወንጀል ጥናት ተማሪዎች ጋር በጋራ የሚሠሩት ነበር። በግራ የአገሮች ስም፣ በቀኝ ደግሞ ከየመቶ ሺህ ሰው የተመዘገበው የወንጀል ብዛት ተደርድሮበታል። ሰላማዊ የምንላቸው አገሮች ከላይ፣ መከራ የበዛባቸው አገሮች ከታች ተቀምጠዋል። ወዳጄ የፈለገው ግራፉ በትክክል መሣሉን እንዳይለት ብቻ ነበር። ግራፉ በትክክል ተሥሏል። ሆኖም በላቦራቶሪ አንድ ተማሪ በተለያዩ መሣሪያዎች የተለኩ ነገሮችን መሣሪያዎቹን ሳያስተያይ በአንድ ግራፍ ላይ ቢያሰፍርልኝ ሪፖርቱን እንዲደግም እመልሰዋለሁ።

በሁለት አገሮች ያሉ ተማሪዎች ለሳምንታት አንድ የጋራ ሥራ በኢንተርኔት የሚሠሩበት የትምህርት ዘዴ አዲስ አይደለም። የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ማዕከል የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። ዘዴው ለወንጀል ጥናት ከሌሎች ትምህርቶች ይልቅ የሚጠቅምበት፣ የዚያኑ ያህልም የሚያሳስትበት ምክንያት አለ። የኤሌክትሮን ቻርጅ በስቶክሆልምም ሆነ በአዲስ አበባ ያው ነው። ወንጀልን ወንጀል የሚያሰኘው ግን ሕግ ነው፤ ሕግም ድንበር ሲደርስ ይቆማል።

የወንጀልን አኃዝ በሥርዓት መመርመር ከጀመሩት ሰዎች መካከል የሥነ ፈለክ ባለሙያ መኖሩን ብዙ የፊዚክስ ተማሪዎች አያውቁም። የብራስልስን የከዋክብት ምርምር ማዕከል ያቋቋመው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ኬትሌ፣ የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1827 ጀምሮ በየዓመቱ ያሳትመው የነበረውን የፍርድ ቤት መዝገብ ሲያጠና የተከሳሾቹ ብዛት ከዓመት ዓመት እምብዛም አለመለዋወጡ አስገረመው። እ.ኤ.አ. በ1835 ላሳተመው መጽሐፍም «የማኅበራዊ ፊዚክስ ሙከራ» የሚል ንዑስ ርዕስ ሰጠው። ለራዲዮአክቲቭ ቆጠራ የምንጠቀምበት የፑዋሶን ስርጭትም ቢሆን ስሙን ያገኘበት ቀመር የሚገኘው ሲሜዮን ዴኒ ፑዋሶን እ.ኤ.አ. በ1837 ስለ ፍርድ ውሳኔዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ መጽሐፉም የወንጀል ችሎቶችን ይመለከታል። ስለዚህ ወዳጄ ወደ ፊዚክስ ትምህርት ክፍል መምጣቱ መንገድ የመሳት ጉዳይ አልነበረም።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ እንመለስ። አንዱ የተማሪዎች ቡድን በስቶክሆልም፣ ሌላው በለንደን ተቀምጧል እንበል። አንዲት ሴት ፖሊስ ጣቢያ ቀርባ ባሏ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀናቸው ተለይቶ በሚታወቁ 20 ጊዜያት እንደ ደበደባት አመለከተች። በስዊድን እያንዳንዱ ድርጊት ለየብቻው ስለሚመዘገብ አቤቱታው 20 ወንጀል ይሆናል። በእንግሊዝ ግን የአንድ ተበዳይ በአንድ በዳይ ላይ በአንድ ጊዜ የቀረበ አቤቱታ በመርህ ደረጃ እንደ አንድ ወንጀል ይቆጠራል። ሴቲቱ አንዲት፣ ዱላውም ያው ሆኖ ሳለ በአኃዝ ሲታይ ልዩነቱ 20 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ በስዊድን አቤቱታው በቀረበበት ጊዜ የተመዘገበው ነገር ኋላ ምርመራው ወንጀል አለመሆኑን ቢያሳይ እንኳ ከስታቲስቲክሱ አይሰረዝም። ስለ ስዊድን የሚነገረውና ለፖለቲካ ክርክር ማገዶ የሆነው ከፍተኛ የአስገድዶ መድፈር አኃዝ በከፊል ከዚህ የአቆጣጠር ሥርዓት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2018 የወጡት ሕጎችም የወንጀሉን ትርጉም አስፍተውታል። ይህ ማለት በዚያ አገር ጥቃት የለም ማለት አይደለም። የሁለቱን አገሮች አኃዝ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ አይቻልም ማለት ብቻ ነው።

በፊዚክስ እንዲህ ያለውን ስልታዊ ስህተት እንለዋለን። የሚዛኑ መርፌ ከዜሮ ሳይሆን ከ50 ግራም የሚነሣ ከሆነ ሺህ ጊዜ መዝኖ አማካዩን መውሰድ ስህተቱን አያጠፋውም። ብዙ መለካት የሚያቃልለው የአጋጣሚን ስህተት ነው።

የጊዜም ጉዳይ አለ። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ በለንደንና በስቶክሆልም መካከል ያለውን 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥተኛ ርቀት በሰከንድ ሰባት ሺህኛ ያልፈዋል። ተማሪዎቹ የሚነጋገሩበት መስመር የሚያመጣው መዘግየት ይህን ያህል ኢምንት ነው፤ አኃዙ ራሱ ግን በአሥርተ ዓመታት ሊዘገይ ይችላል። ሃሮልድ ሺፕማን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ሕሙማኑን የገደለው እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት ነበር። ይሁን እንጂ ከ170 በላይ የሆኑት ሰለባዎቹ በፖሊስ ስታቲስቲክስ ውስጥ የገቡት በ2002/03 በአንድ ዓመት ነው። ታሪኩን ያላወቀ ተማሪ ግራፉን ተመልክቶ እንግሊዝ በዚያ ዓመት ምን መዓት ወረደባት ይላል። አኃዙ የሚነግረን ሰው የሞተበትን ቀን ሳይሆን ወንጀሉ በመዝገብ የሰፈረበትን ዓመት ነው። እኛ አገር ደግሞ «ዓመት» የሚለው መለኪያ ራሱ ማብራሪያ ይሻል፤ ዘመኑ መስከረም 1 ቀን ሲጀምር የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሁለቱም ከጃንዋሪ ጋር አይገጥሙም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጭራሽ ያልተቆጠረው ወንጀል ነው። የጋይገር ቆጣሪ በውስጡ ያለፈውን ጨረር ሁሉ አይዝም። ስንት በመቶውን እንደሚይዝ የምናውቀው ብርታቱ አስቀድሞ የታወቀ ምንጭ ፊቱ አስቀምጠን ስንፈትነው ነው። ፖሊስ ጣቢያም እንዲሁ የሚቆጥረው ደጁ የደረሰውን ብቻ ነው። የተደበደበችው ሴት «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዝም ካለች፣ ወይም ነገሩ በሽማግሌ አልቆ ካሣ ከተከፈለ፣ መዝገቡ ዜሮ ይላል። ኬትሌ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ የታወቀው ወንጀል ካልታወቀው ጋር ያለው ምጥጥን ሳይለዋወጥ ይኖራል ብሎ ካልገመተ ስሌቱ ሁሉ እንደሚፈርስ ራሱ ገልጿል። ግምቱ ለአንድ አገር፣ ለጥቂት ተከታታይ ዓመታት ያስኬድ ይሆናል። ከአገር ወደ አገር ግን አያስኬድም። ሴቶች ፖሊስን የሚያምኑበት አገር ብዙ ወንጀል ያለበት መስሎ ይታያል፤ የማያምኑበት ደግሞ ሰላም የሰፈነበት ይመስላል። የወዳጄ ሠንጠረዥ ተገልብጦ የታየኝ በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሁለት መውጫዎች ተገኝተዋል። አንደኛው ፖሊስን ትቶ ሕዝቡን መጠየቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የወንጀል ሰለባዎች ጥናት በየአገሩ ለተመረጡ ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቧል። ሁለተኛው በሰው ግድያ ላይ ማተኮር ነው። አስከሬን እንደ ሌላው በደል በቀላሉ አይሸሸግም፤ በዚያም ላይ ፖሊስና የጤና ተቋማት ለየብቻ ስለሚመዘግቡት አንዱን መሣሪያ በሌላው ለመፈተን ያስችላል።

እዚህም ቢሆን ወጥመድ አለ። ሕዝቧ ከ400 ሺህ በማይበልጠው አይስላንድ በዓመት የሚፈጸመው ግድያ በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ዓመት 4 ቢሆን የሚጠበቀው መዋዠቅ የ4 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 2 ያህል ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት 2 ቢሆን «ግድያ በግማሽ ቀነሰ» ማለት በአጋጣሚ ላይ ታሪክ መፍጠር ነው። ትርጉሙም መጣራት አለበት። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከባድ የሰው ግድያን በአንቀጽ 539፣ ተራ የሰው ግድያን በ540፣ ቀላሉን በ541 ለይቶ ደንግጓል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ቆጥሮ ከሌላ አገር ጠቅላላ ድምር ጋር ያስተያየ ተማሪ ምን እንደለካ አያውቅም። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የወንጀል ምደባ በሕግ ስያሜ ፈንታ የተፈጸመውን ድርጊት መሠረት ያደረገው ለዚህ ነው።

ለወዳጄ የሰጠሁት ምክር የመጣው ከጋይገር ቆጣሪው ነው። ተማሪዎቹ ሠንጠረዥ ከመለዋወጣቸው በፊት አሥር ልብ ወለድ ታሪኮችን ይጻፉ፤ ባል ሚስቱን 20 ጊዜ የደበደበበት፣ ሦስት ሌቦች አንድ ሱቅ የሰረቁበት፣ ቆስሎ ከዓመት በኋላ የሞተ ሰው ያለበት። ከዚያም ሁለቱ ቡድኖች ሳይነጋገሩ፣ እያንዳንዱ በአገሩ ደንብ፣ ስንት ወንጀል፣ በየትኛው ስምና በየትኛው ዓመት እንደሚመዘገብ ይቁጠሩ። ይህ ብርታቱ የታወቀ ምንጭ ነው። ድምሮቹ የሚለያዩበት መጠን የሁለቱን መሣሪያዎች ልዩነት ያሳያል።

ወዳጄ ምክሩን ተቀብሎ ታሪኮቹን አስጻፈ። ከተማሪዎቹ አንዷ ያቀረበችው ታሪክ በሽምግልና ያለቀ የድብደባ ጉዳይ ነው። ማዶ ያሉት ተማሪዎች «ይህ በእናንተ መዝገብ የት ይገባል?» ብለው ጠየቁ። የእኛዎቹ ለጊዜው መልስ አጥተው ተያዩ።