አሁን ወይስ በኋላ? ጥርስ በሚለውጡ ልጆች ላይ የሚወሰን ውሳኔ

ከ6 እስከ 12 ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ የወተትና ቋሚ ጥርሶች በአንድ አፍ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በዚህ ወቅት የልጃቸው ጥርስ ተዛንፎ ያዩ ወላጆች፣ አሁኑኑ ይታከም ወይስ ይቆይ በሚል ጥያቄ ይጨነቃሉ።

የአሜሪካ የጥርስ አሰላለፍ ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያው ምርመራ እስከ 7 ዓመት ድረስ እንዲደረግ ይመክራል። ምርመራ ግን ሕክምና ማለት አይደለም፤ ለብዙ ልጆች ክትትል ብቻ ይበቃል። ለአብነት፣ በላይኞቹ የፊት ጥርሶች መካከል የሚታይ ክፍተት ክራንቻዎች ሲወጡ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠባል።

ጊዜ የማይሰጡ ችግሮችም አሉ። የላይኛው መንጋጋ ሲጠብ ጥርሶቹ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ይገጥማሉ፤ ልጁም አገጩን ወደ ጎን አዛብቶ ማኘክ ሊለምድ ይችላል። የላንቃው መካከለኛ መጋጠሚያ በልጅነት ገና ስላልጠነከረ ማስፋት የሚቀለው በዚህ ዕድሜ ነው።

ለዚህ ሁለት ዋና አማራጮች አሉ። በመንጋጋ ጥርሶች ላይ የሚጣበቀው ማስፊያ ልጁ ሊያወልቀው ስለማይችል ሥራውን ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ጽዳቱ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። የሚወልቀው ማስፊያ ለማጽዳት ይቀላል፤ የሚጠቅመው ግን ልጁ በታዘዘው ሰዓት ልክ ሲያደርገው ብቻ ነው።

የወተት መንጋጋ ጥርስ በመቦርቦር ምክንያት ያለጊዜው ከተነቀለ ደግሞ፣ አጎራባቹ ጥርስ ተንሸራቶ የቋሚውን ቦታ እንዳይዘጋ ቦታ ጠባቂ ትንሽ ሽቦ ሊገጠም ይችላል።

ይበልጥ የሚያከራክረው ወደፊት የወጡ የላይኛ ጥርሶች ጉዳይ ነው። በ2018 የታደሰው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ፣ በልጅነት ጀምሮ በሁለት ዙር ማከም በጉርምስና አንዴ ከማከም የሚለየው የፊት ጥርሶች በአደጋ የመጎዳት ዕድልን በመቀነሱ እንደሆነ አመልክቷል። በመጨረሻው የጥርስ አሰላለፍ ግን የጎላ ብልጫ አልታየም። ስለዚህ ጥርሱ በጣም ለወጣና መውደቅ ለሚያዘወትር ልጅ ቀድሞ መጀመር ትርጉም አለው፤ ለሌላው መጠበቅ የሁለተኛ ዙር ወጪንና ድካምን ያስቀራል።

ወላጆች ከመወሰናቸው በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ቢጠይቁ ይበጃል፦ ብንጠብቅ ልጁ ምን ይጎዳል? አሁን ብንጀምርስ ሁለተኛ ዙር ይቀርልናል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ግልጽ መልስ ካልተገኘ፣ በየጊዜው እየተመረመሩ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው።