ከመያዝ በፊት ማወቅ፤ የወተት እባብና የዋንዴገያው የቤት እባብ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ያገራችን ምሳሌያዊ አነጋገር የፍርሃትን ኃይል በአጭሩ ይገልጻል። እባብን መፍራት በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰዎች በመርዙ ይሞታሉና። ዳሩ ግን ፍርሃት ዕውቀትን ሊተካ አይችልም። ማናቸውም ወታደር ወዳጅን ከጠላት ለይቶ ማወቅን ገና በመጀመሪያው ሥልጠናው ይማራል። በአካባቢያችን የሚኖሩትን ፍጥረታት በተመለከተም ይኸው ደንብ ሊሠራ ይገባዋል። ጎጂውን ከማይጎዳው ያልለየ ሰው፣ አንድም የሚጠቅመውን ይገድላል፤ አንድም የሚገድለውን በገዛ እጁ ያነሣል።

የዛሬው የቤተሰብ አምዳችን ርእስ ለብዙዎቹ አንባቢዎቻችን እንግዳ ሊሆን ይችላል። ርእሱ እባብን በቤት ማሳደግና ማራባት ነው። ይህ ልማድ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተስፋፋ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወገኖቻችን ልማዱን በዓይናቸው ያያሉ፤ አንዳንዱም ይማረክበታል። ባልየው «አንድ ላምጣ» ሲል ሚስትየዋ «ከዚህ ቤት ወይ እሱ ወይ እኔ» ብትል የሚያስደንቅ አይሆንም። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደ ሆነ ለመፍረድ ግን አስቀድሞ ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል።

የወተት እባብ ማን ነው?

ለጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ከሚመረጡት እባቦች አንዱ የወተት እባብ የሚባለው ነው። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ ከካናዳ ደቡብ ምሥራቅ አንሥቶ እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ድረስ የእሱና የቅርብ ዘመዶቹ ዝርያዎች ይገኛሉ። መርዝ የለውም፤ የሚያድነውን እንስሳ ተጠምጥሞ ይገድላል። በብዙዎቹ ዓይነቶች ላይ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ወይም ቢጫ ቀለበቶች ተደርድረው ይታያሉ። ይህም መልክ መርዘኛውን የኮራል እባብ የሚያስመስል ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ ብንናገር፣ ያልታጠቀው የታጠቀውን የደንብ ልብስ ለብሶ ጠላቱን ያሸብራል ማለት ነው።

ስሙን ያገኘው ከአንድ የተሳሳተ እምነት ነው። የአሜሪካ ገበሬዎች ይህን እባብ በላም በረት ውስጥ ደጋግመው ስላገኙት ወተት እየጠባ ነው ብለው አመኑ። በእርግጥ ወደ በረቱ የሚስበው አይጥ ነበር። የእባብ አፍ ለመጥባት አልተሠራም፤ በሹል ጥርሶቹ መያዝን የምትታገሥ ላምም የለችም።

እባብንና ወተትን ያገናኘ ሕዝብ ግን አሜሪካዊው ብቻ አይደለም። ጆን ሮስኮ የተባለው ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ባጋንዳ ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቡዱ አውራጃ ሰልዋንጋ የተባለ ዘንዶ ይመለክበት ስለ ነበረ ቤተ አምልኮ ጽፏል። በገለጻው መሠረት ለዘንዶው ወተት የምታቀርብ ሴት ተመድባ ነበር። እንግዲህ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርም ሆነ በአሜሪካ እርሻዎች የሰው ልጅ ስለ እባብ የገመተው አንድ ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን። በቤት እባብ የሚያሳድግ ሰው ግን ወተትን ሊረሳ ይገባል፤ የእንስሳው መጠጥ ንጹሕ ውኃ፣ ምግቡም ሥጋ ነው።

ዋንዴገያና ነዋሪዎቿ

ዋንዴገያ በካምፓላ ከተማ፣ በማኬሬሬ ኮረብታ ግርጌ የምትገኝ የተጨናነቀች ሰፈር ናት። እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ወገን፣ የሙላጎ ሆስፒታል በሌላው ወገን ያዋስኗታል። ገበያዋና የተማሪዎች ማደሪያዎቿ ከጧት እስከ እኩለ ሌሊት አያርፉም። ስሟ በሉጋንዳ ቋንቋ ጎጆ ሠሪዋን ወፍ ከሚያመለክተው «እንዴገያ» ከሚለው ቃል እንደ መጣ ይነገራል።

የምግብ ትርፍ በሚበዛበት ገበያ አይጥ ይበዛል፤ አይጥ በሚበዛበትም እባብ ይኖራል። ወፍ ጎጆ በምትሠራበት ዛፍ ላይ ደግሞ የወፍ እንቁላል ብቻ የሚመገብና ሰውን ለመጉዳት የማይችል እባብ በምሥራቅ አፍሪካ ይገኛል። ይህም እባብ ሲያስፈራሩት ቅርፊቱን ከቅርፊቱ እያፋተገ እንደ እፉኝት ድምፅ ያሰማል።

የኡጋንዳን እባቦች በሰፊው ካጠኑት ሰዎች አንዱ ወታደር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋውና በኋላ የኡጋንዳ የዱር አራዊት ጥበቃ ኃላፊ የሆነው ካፒቴን ቻርልስ ፒትማን ስለ አገሪቱ እባቦች የጻፈው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1938 ታትሟል። የጦር ሜዳ ትዕግሥትና ንቃት ለተፈጥሮ ጥናትም እንደሚረዳ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የትኛው ይመረጥ?

በዋንዴገያ የሚኖር ሰው የወተት እባብ ከማስመጣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ማሰብ ይኖርበታል። አንደኛው የአየር ጠባይ ነው። ከቀዝቃዛ አገሮች የመጡት የወተት እባቦች በሚገባ እንዲራቡ በዓመት ከ2 እስከ 3 ወር የሚደርስ የክረምት ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። ካምፓላ ግን ከምድር ወገብ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ ዓመቱን ሙሉ ለብ ያለች ናት።

ሁለተኛው ማምለጥ ነው። በስፔን ግዛት በግራን ካናሪያ ደሴት፣ የወተት እባብ የቅርብ ዘመድ የሆነው የካሊፎርኒያ ንጉሥ እባብ ከሰው እጅ አምልጦ ተራባ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እባቡ በወረራቸው ቦታዎች የደሴቲቱ ብርቅዬ ትልልቅ እንሽላሊቶች ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። በአንድ ሰው ቤት የተዘነጋ ክዳን ለአንድ ደሴት ጥፋት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኡጋንዳ የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ለመያዝና ለመጠቀም ከባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። በአገራችንም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሕግን በማክበር ለሌላው አርአያ መሆን ይገባዋል።

እነዚህ ነጥቦች ሲመዘኑ፣ ፈቃድ ላገኘ ሰው የሚሻለው በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖረው ቡናማ የቤት እባብ ሆኖ ይገኛል። መርዝ የለውም፤ በሌሊት ይንቀሳቀሳል፤ አይጥን ተጠምጥሞ ይገድላል። ከወንዱ ይልቅ ሴቷ ትበልጣለች፤ ወደ አንድ ሜትር ያህል ልትረዝም ትችላለች። በራሱ በሁለቱም ጎን ከአፍንጫው ተነሥቶ በዓይኑ በኩል የሚያልፍ ነጣ ያለ መስመር ይታያል። ዓይኖቹ ጎላ ያሉ፣ ብሌናቸውም ቀጥ ብሎ የቆመ ነው።

የሚያሳስት መልክ

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። ሳይንቲስቶች አትራክታስፒስ የሚሏቸው፣ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቋቁር መርዘኛ እባቦች ላልሠለጠነ ዓይን የማይጎዱ መስለው ይታያሉ። ዓይናቸው እጅግ ትንሽ ነው፤ አንገታቸው ከራሳቸው አይለይም፤ ጅራታቸው አጭር ሆኖ ጫፉ ሹል ነው። አፋቸውን ሳይከፍቱ የመርዝ ጥርሳቸውን ወደ ጎን አውጥተው ይወጋሉ። ስለዚህ ሌላውን እባብ እንደሚይዙት ከአንገቱ ኋላ መያዝ አያድንም። በኡጋንዳ ከዚህ ሌላ ኮብራ፣ ማምባና እፉኝትም አሉ። እንግዲህ «ይህ የቤት እባብ ነው» ብሎ ከጓሮ ማንሣት ወይም በየመንገዱ ከሚይዙ ሰዎች መግዛት ጀግንነት ሳይሆን ድንቁርና ነው።

አመራረጥ፣ አያያዝና እርባታ

የወተት እባብም ሆነ የቤት እባብ ሲመረጥ ቀዳሚው ጥያቄ የት ተፈለፈለ የሚል መሆን አለበት። በሰው እጅ የተፈለፈለው ከዱር ከተያዘው ይልቅ ገራም፣ ከጥገኛ ተባይ የጸዳና ምግብ የለመደ ይሆናል። ገላው ሞላ ያለ፣ የጀርባ አጥንቱ ያልወጣ፣ አፉ አረፋ የሌለበት፣ ትንፋሹ የማያፏጭ፣ በቅርፊቱ መካከል ቅንቅን የማይታይበት መሆኑ ይመርመር። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤቱ እባቡ ሲመገብ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። የማይበላ እባብ በርካሽ ቢገኝም ውድ ነው።

መኖሪያው ክዳኑ የሚቆለፍ የመስተዋት ሣጥን፣ በአንድ ጎን ሞቅ፣ በሌላው ቀዝቀዝ ያለ፣ መደበቂያና የውኃ ሳህን ያለው ይሁን። ሙቀቱ በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር ይለካ። አንድ አይጥ በሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ አይጡም ከእባቡ ወገብ ውፍረት እምብዛም መብለጥ የለበትም። ከገበያ የተያዘ አይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ስለሚችል አይሰጥም። የወተት እባብ ሌላ እባብ የሚበላ በመሆኑ ለየብቻው ይቀመጣል።

ለእርባታ የምትመረጠው ሴት ሙሉ ዕድገት ያገኘች መሆን አለባት፤ ያለ ዕድሜዋ የምትገናኝ ሴት እንቁላሉ ሊያንቃትና ልትሞት ትችላለች። የቤት እባብ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 16 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹ እንደ ዶሮ እንቁላል ሳይገለባበጡ፣ እርጥበት ባለው ማቀፊያ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቆዩ ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ውስጥ ይፈለፈላሉ። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ልትጥል ስለምትችል፣ በመካከሉ ዕረፍትና በቂ ምግብ ካላገኘች ትመነምናለች። አርቢው ወንድና ሴት ከማገናኘቱ በፊት «አሥሩን ጫጩት ማን ይወስዳቸዋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልስ ከሌለው አያራባ። በደንብ የተያዘ የወተት እባብ ከ15 ዓመት በላይ እንደሚኖር፣ ወታደር ደግሞ በትእዛዝ ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚዛወር መዘንጋት የለበትም።

የቤተሰብ ጉዳይ

የማይናደፍ እባብም ቢሆን ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋሲ ሊሸከም ይችላል። ይህ ተሕዋሲ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን አደገኛ ነው። ስለዚህ ሕፃን ባለበት ቤት እባብ ባይገባ ይመረጣል። በሌላው ቤትም ከነኩት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብና ዕቃውን ወጥ ቤት አለማስገባት ግዴታ ነው። ስለዚህ ከላይ ባነሣነው ክርክር የእናትየዋ ተቃውሞ ተራ ፍርሃት ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። ባል ለሥምሪት ሲሄድ ሣጥኑን የምትከፍት፣ ውኃ የምትቀይርና ቁልፉን የምትጠብቅ እሷ ናት። እሷ ሳትስማማ እባብ ወደ ቤት ማስገባት አይገባም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ መርዝ ጉዳትን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ መድቦታል። በግምቱ መሠረት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች በእባብ መርዝ ይሞታሉ። የተነደፈ ሰው ቢኖር ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ ወይም በገመድ ማሠር ጉዳት ያባብሳል። ቀለበትና አምባር ወልቆ፣ የተነደፈው ክፍል ሳይንቀሳቀስ፣ ሰውየው እየተጽናና በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እባቡን ለመግደል ሲሉ ጊዜ ማጥፋትና ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ አይገባም።

እንግዲህ ለብዙዎቻችን የሚስማማው እባብን በሣጥን መያዝ ሳይሆን በቦታው ማወቅ ነው። በግድግዳ ሥር የሚያልፍ እባብ ቢታይ ልጆችን ማራቅ፣ ከሩቅ ሆኖ መከታተልና የሚያውቅ ሰው መጥራት ይበቃል። በካምፓላ አቅራቢያ በእንቴቤ ከተማ እባቦች ለሕዝብ ትምህርት የሚታዩባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ ቤተሰብ በዕረፍት ቀኑ ልጆቹን ይዞ በመስተዋት ማዶ ሊያያቸው ይችላል። የቤቱን ዙሪያ ያጸዳ፣ የእህሉን ጎተራ የከደነ፣ አይጥን ከግቢው ያራቀ ሰው እባብንም አርቋል። ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ፣ ፈቃድ አግኝቶ፣ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ ለማሳደግ የሚወስን ቢኖር ደግሞ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ኃላፊነት እንደ ተረከበ ቆጥሮ ይጀምር።