ጎሉ የዳዋ ነው፤ ድሉስ የማን ነው?

አዳማ ላይ የግብፅን ጨዋታ ያነሳ ሰው ወሬውን የሚጀምረው በዳዋ ሆቴሳ ነው። ሌላ አጀማመር የለም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ዕለት፣ ማላዊ ሊሎንግዌ በሚገኘው ቢንጉ ብሔራዊ ስታዲየም ጨዋታው በተጀመረ በ21ኛው ደቂቃ ኳስና መረብ ያገናኘው የአዳማ ከተማው አጥቂ ነውና ከተማዋ ጎሉን የራሷ አድርጋ ብትይዘው አይፈረድባትም። በ40ኛው ደቂቃ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ፤ ዋልያዎቹም 2 ለ 0 አሸንፈው ወጡ። ግብፅን ካሸነፍን 33 ዓመት ሆኖን ነበር።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ ከመቂ እስከ ባቱና ሻሸመኔ፣ ኳስ በሚወራበት ሻይ ቤት ሁሉ ደጋፊው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ያለ ዳዋ ጎል ድል ብሎ ነገር የለም ባይ ነው። ሌላኛው ደግሞ ጎልማ ካሜሩን ላይም ገብቶ ነበር፣ ምን ጠቀመን ብሎ ያፋጥጣል። ለእሱ የዚያን ቀን ጀግኖች ጎሉን ያስጠበቁት የኋላ ሰዎች ናቸው።

ይህ የካሜሩን ነገር ቀላል ማስረጃ አይደለም። ከግብፁ ድል አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም ውስጥ ዋልያዎቹ የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጇን ካሜሩንን ገጥመው ነበር። ጨዋታው ገና 4 ደቂቃ ሳያልፍ ማን አገባ? ዳዋ ሆቴሳ። በባለሜዳው ሕዝብ ፊት፣ በራሱ ስታዲየም! ደስታው ግን የቆየው 4 ደቂቃ ብቻ ነው። ቶኮ ኤካምቢ በ8ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። እስከ ዕረፍት 1 ለ 1 ተይዞ ቆየና ከዕረፍት መልስ ቪንሰንት አቡባካር በ53ኛውና በ55ኛው ደቂቃ አከታትሎ ሁለት አስቆጠረ። በ67ኛው ኤካምቢ ደገመ። 4 ለ 1።

እንግዲህ ሁለቱን ጨዋታዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አግቢው ያው ዳዋ ነው፣ ጎሉም በሁለቱም ቀን ቀዳሚ ጎል ነው። እንዲያውም ለክብር ከሆነ የአዘጋጁን አገር መረብ በ4ኛው ደቂቃ መድፈር ሳይበልጥ አይቀርም። የተለየው ከጎሉ በኋላ የመጣው ነው፤ ያውንዴ ላይ በኋላው በር 4 ገባ፣ ሊሎንግዌ ላይ ምንም አልገባም።

በዚያው የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያው ጨዋታም ይኼንኑ ይናገራል። ጥር 1 ቀን ከኬፕ ቨርዴ ጋር በነበረው ግጥሚያ የመሃል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ በቀይ ካርድ ወጣ። ዋልያዎቹ የቀረውን ጊዜ በ10 ሰው ተጫውተው 1 ለ 0 ተሸነፉ። አጥቂ ሲጠፋ ቡድን ጎል ያጣል። ተከላካይ ሲጠፋ ግን የቡድኑ አቋም እንዳለ ይናጋል፤ አማካዩ ወደ ኋላ ይሳባል፣ አጥቂው ብቻውን ይቀራል፣ ኳስ ይዞ መጫወት የሚባለው ነገር ይረሳል።

ያሬድ ከተነሳ አይቀር የ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግም ሊነሳ ይገባል። የዚያ ዓመት ጉድ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር። ዕድሜው 21 ነው፤ በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ያስመዘገበውን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰባበረው። ልጁ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሄደው በዚህ ዝና ነው። ዋንጫውን ግን ማን ወሰደ? ያሬድ ባየህ በአምበልነት የሚመራው ፋሲል ከነማ። ለፍርዱ እንዳያዳላ ይህም ይነገር፤ ፋሲልም ሙጂብ ቃሲምን የመሰለ ጎል አዳኝ ነበረው። ቢሆንም 29 ጎል የሚያገባ ልጅ ይዞ ዋንጫ ማጣት እንደሚቻል የቡና ደጋፊ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2014 ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ሲካሄድ አዳማ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረችና የከተማዋ ሰው እነዚህን ተጫዋቾች በቴሌቪዥን ብቻ ሳይሆን በዓይኑም አይቷቸዋል።

የአጥቂ ወገኖች በበኩላቸው ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በተለይ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆነ ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ ስም ይመዛል፤ ፌዴሪኮ ማኬዳ። እ.ኤ.አ. በ2008/09 የዩናይትድ የኋላ መስመር እነ ቪዲችና ፈርዲናንድ ከፊት ቆመውለት በረኛው ቫን ደር ሳር በሊጉ 1,311 ደቂቃ ጎል ሳይገባበት የቆየበት ዓመት ነው። 14 የሊግ ጨዋታ በተከታታይ! ከዚህ በላይ መከላከል ከየት ይመጣል? ነገር ግን ሚያዝያ ወር ሲገባ ያ ግንብ ተሰነጠቀ። ኦልድ ትራፎርድ ላይ አስቶን ቪላ 2 ለ 1 መራ፣ ሮናልዶ አቻ አደረገ፣ ከዚያ ስሙን ማንም የማያውቀው የ17 ዓመቱ ማኬዳ በመጀመሪያ ጨዋታው፣ በባከነ ሰዓት፣ ዞር ብሎ መታና 3 ለ 2 አደረገው። በሳምንቱ ሰንደርላንድ ላይም የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። በሁለቱ ጨዋታዎች ከአቻ ወደ አሸናፊነት የተወሰደው ነጥብ 4 ነው። ዩናይትድ ዋንጫውን ሲያነሳ ሊቨርፑልን የበለጠውም በ4 ነጥብ ነበር፤ 90 ለ 86። በጎል ልዩነት ደግሞ ሊቨርፑል ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ አጥቂ ምንም አይደለም የሚል ሰው ይኼን ሒሳብ መመለስ አለበት።

ወደ ሊሎንግዌ እንመለስ ከተባለም ለዳዋና ለሽመልስ የሚቆም ነገር ሞልቷል። የዚያ ዓመት ግብፅ በአፍሪካ ዋንጫ እስከ ፍጻሜ ተጉዛ በሴኔጋል በመለያ ምት የተሸነፈች ናት። በውድድሩ 7 ጨዋታ አድርጋ የገቡባት ጎሎች 2 ብቻ ነበሩ። ናይጄሪያ አንድ፣ ሞሮኮ አንድ፣ በቃ። ዋልያዎቹ ታዲያ 7 ጨዋታ የፈጀውን 2 ጎል በ40 ደቂቃ አስገቡት። እርግጥ ነው አሠልጣኙ ተቀይሯል፤ ካርሎስ ኬይሮሽ ሄዶ ኢሃብ ጋላል መጥቷል (እሱም ብዙ ሳይቆይ ተሰናበተ)። ሞሐመድ ሳላህም በጉዳት አልነበረም። ይህን ሰበብ የሚያነሱ አሉ፣ ሐሰትም አይደለም። ግን የሳላህ አለመኖር ለተከላካዮቻችን ያቀልላቸዋል እንጂ የግብፅን መረብ ለዳዋ አይከፍትለትም።

ዋልያዎቹ በበኩላቸው ባለሜዳ ተብለው የተጫወቱት በሰው አገር ነው። ካፍ ያጸደቀው ስታዲየም አገር ውስጥ ስላልነበረ «ሜዳችን» ማላዊ ሆነ። በዚያው ሜዳ 4 ቀን ቀደም ብሎ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፈዋል። የአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድን መከላከልን የሚያውቀው ኳስ በመያዝ ነው፤ ከበረኛው ጀምሮ በአጭር ቅብብል እየወጣ፣ ተጋጣሚን እያስሮጠ። ይህ አጨዋወት ሲሳካ ያምራል፣ ሲበላሽ ግን የሚበላሸው በራስ የግብ ክልል አፋፍ ላይ ነው። ለዚህ ነው የውበቱ ቡድን ተከላካይ ከሌላው ተከላካይ የከበደ ሥራ ያለው። ጠልዞ መገላገል አይችልም። ሁለተኛው ጎል ከገባ በኋላ ለ50 ደቂቃ ያህል ይህን ሥራ ሳይሳሳቱ መሥራት ነበረባቸው፤ ሠሩትም። የማንም ሰው ስልክ ውስጥ ግን የዚያ 50 ደቂቃ ቪዲዮ የለም። ያለው የዳዋ ጎል ነው። በአዳማ አቧራማ ሜዳዎች ከሚሯሯጡት ሕፃናትም የመሃል ተከላካይ ልሁን የሚለው ስንቱ ነው? በሻሸመኔ ምናልባት ይሻል ይሆናል፤ ሻሸመኔ ከተማ በ2016 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ በዓመቱ ስለወረደ የዚያ ከተማ ደጋፊ ስለ ተከላካይ ሲወራ የሚሰማበት ትዕግሥት አለው።

ክርክሩን ከሁሉም በላይ የሚያጠራው ግን የምድቡ ቀሪ ጉዞ ነው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ሞሮኮ ላይ ዋልያዎቹ ጊኒን በ4 ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ገጠሙ። መጀመሪያ 2 ለ 0 ተሸነፉ። በሁለተኛው ልክ እንደ ግብፁ ጨዋታ 2 ጎል አገቡ፣ ሦስት ገባባቸውና 3 ለ 2 ተሸነፉ። ግብፅን ለማሸነፍ የበቃው 2 ጎል ለጊኒ አቻ እንኳ አላስወጣም።

ምድቡ ሲዘጋ ግብፅ በ15 ነጥብ አንደኛ ሆነች፤ የተሸነፈችው ያቺን ሐሙስ ብቻ ነው። ዋልያዎቹ በ4 ነጥብ የመጨረሻ ናቸው። ሦስቱ ነጥብ የግብፁ ነው፣ አንዱ በሰኔ 2015 ከማላዊ ጋር 0 ለ 0 ሲለያዩ የተገኘ። አራቱም ነጥብ የመጡት ጎል ካልገባባቸው ሁለት ጨዋታዎች ነው፤ በቀሩት አራት ጨዋታዎች ምንም አልተገኘም። አዳማ ግን አሁንም አፏን አትዘጋም፤ 0 ለ 0 አንድ ነጥብ፣ 2 ለ 0 ሦስት ነጥብ፣ መሃል ያለው ሁለት ነጥብ የእነ ዳዋ ነው ትላለች።